ምዕራፍ ሰባት፦ ፍሬ ነገሩ ሳይሰማ የሚዘጋ መዝገብ

እሑድ ማታ ነው፤ ኦገስት 26 ቀን 1928። በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ “ዓ.ም.” ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወይዘሮ ሜይ ዶናሂው የሚባሉ የሱቅ ሠራተኛ በስኮትላንድ ፔይዝሊ ከተማ ዌልሜዶ ካፌ ገብተው ተቀምጠዋል። የጋበዛቸው ሰው አይስክሬምና አንድ ጠርሙስ የዝንጅብል ለስላሳ አዘዘላቸው። ጠርሙሱ ጥቁር ነው፤ ውስጡ አይታይም። ከፊሉን ጠጥተው የቀረው ሲቀዳ፣ ወይዘሮዋ በክሳቸው እንደ ገለጹት፣ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ከለስላሳው ጋር ወረደ። ሆዳቸውን አመማቸው፤ ድንጋጤውም አልለቀቃቸው ብሎ ሐኪም ቤት አደረሳቸው።

ለስላሳውን ያመረተውን ዴቪድ ስቲቨንሰንን ከሰው 500 ፓውንድ ካሳ ጠየቁ። ችግሩ ግን ወይዘሮዋ ከማንም ጋር ውል አልነበራቸውም። ሒሳቡን የከፈለው ጋባዣቸው ነው፤ የሸጠው ባለ ካፌው ነው፤ አምራቹን በዓይናቸውም አያውቁትም። የዘመኑ ሕግ ደግሞ ውል በሌለበት አምራቹን ለመያዝ ጠንካራ ገመድ አልነበረውም። ጠበቃቸው ዋልተር ሊችማን በለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ተገኘ ስለተባለ አይጥ የተከራከሩበትን ሌላ ጉዳይ ገና መረታታቸው ነበር። የዶናሂውም ክስ በ1930 በስኮትላንድ ይግባኝ ሰሚ ችሎት ወደቀ።

የቀረው ለንደን ያለው የጌቶች ምክር ቤት ነው፤ ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት እርሱ ነበር። እዚያ ለመድረስ ግን ገንዘብ ያስፈልጋል። ይግባኝ ባዩ ቢሸነፍ ለተቃራኒው ወገን ወጪ የሚሆን ማስያዣ ይጠየቃል። ወይዘሮዋ ከባላቸው ተለይተው ወንድማቸው ዘንድ ተጠግተው የሚኖሩ ሠራተኛ ናቸው። ስለዚህ በ1931 ሌላ ወረቀት አስገቡ። ከለበሱት ልብስና ከያዙት ክርክር በቀር በዓለም ላይ ያላቸው ሀብት 5 ፓውንድ እንደማይሞላ በመሐላ አረጋገጡ። የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይና ሁለት ሽማግሌዎችም ድህነታቸውን መስክረው ፈረሙ። ምክር ቤቱ ተቀበላቸው።

ሜይ 26 ቀን 1932 ውሳኔው ተነበበ። ሦስት ዳኞች ደገፉ፤ ሁለት ተቃወሙ። ሎርድ አትኪን በጻፉት ፍርድ፣ አንድ ሰው ሥራው ሊጎዳቸው እንደሚችል አስቀድሞ ሊገምታቸው ለሚገባ ሰዎች ሁሉ የጥንቃቄ ግዴታ እንዳለበት ደነገጉ፤ የአምራቹ ግዴታም ዕቃውን እስከሚጠቀመው እስከ መጨረሻው ሰው ይዘልቃል። ዛሬ በእንግሊዝ ሕግ ወግ በሚተዳደሩ አገሮች የመጀመሪያ ዓመት የሕግ ተማሪዎች በአብዛኛው ይህን ጉዳይ ያጠናሉ። በመድኃኒት፣ በምግብና በመኪና ጉድለት የተጎዱ ሰዎች ካሳ የሚጠይቁበት መንገድ ከዚህ ውሳኔ ጋር የተሳሰረ ነው።

ያ የ1931 ማመልከቻ ተቀባይነት ባያገኝስ? ማስያዣው አልቀረበም ተብሎ መዝገቡ ይዘጋ ነበር። ዳኞቹ ስለ ጠርሙሱም ስለ አምራቹም አንድ ቃል አይናገሩም። ጋዜጣም አይዘግበውም፤ የተሸነፈ ሰው እንኳ የለማ። ባልተከፈለ ገንዘብ የሚዘጋ መዝገብ ከሌላው ሽንፈት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከሳሹ መብት የለህም አይባልም፤ ተከሳሹም ትክክል ነህ አይባልም። ጥያቄው ሳይመለስ ይቀራል፤ የሚቀረውም ለጠያቂው ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ነው።

ዳኝነት የሚለው ቃል

አማርኛ ይህን ጉዳይ በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይዞታል። ዳኛው የሚሠራው ሥራ ዳኝነት ነው። ከሳሹ በክስ ማመልከቻው መጨረሻ “የምጠይቀው ዳኝነት” ብሎ የሚፈልገውን ይዘረዝራል። በመዝገብ ቤቱ መስኮት የሚከፈለው ገንዘብም ዳኝነት ይባላል፤ “ዳኝነት ከፍለሃል?” ይላሉ ባለ ጉዳዮች እርስ በርሳቸው። ሥራው፣ ጥያቄውና ክፍያው ስም ተጋርተዋል።

ክፍያው በየአገሩ የተለያየ መልክ አለው። በአሜሪካ የፌዴራል ወረዳ ፍርድ ቤቶች የፍትሐ ብሔር ክስ ለመክፈት የሚጠየቀው፣ ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ተመን፣ 405 ዶላር ነው፤ 350ው በሕግ የተወሰነ፣ 55ቱ የአስተዳደር ክፍያ። የሚሊዮን ዶላር ውል የሚከራከር ኩባንያም፣ ከሥራ የተባረረ የጽዳት ሠራተኛም እኩል 405 ዶላር ይከፍላሉ። ይግባኝ ሲባል 605 ዶላር ይሆናል። ለዜግነት ቃለ መጠይቅ ቀርቦ፣ ፈተናውን ከወሰደ 120 ቀን አልፎት መልስ ያጣ የዋሽንግተን ወይም የሚኒያፖሊስ ኢትዮጵያዊ ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት መውሰድ ሕጉ ይፈቅድለታል፤ የሚገባበት በር ይኸው ነው፤ ዋጋውም ያው ነው።

ገንዘቡ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? የአሜሪካ ምክር ቤት በ1892 ባወጣው ሕግ ድሃ ከሳሽ ሳይከፍል እንዲገባ ፈቅዷል። አመልካቹ ገቢውን፣ ቤት ኪራዩን፣ ዕዳውን፣ የባንክ ሒሳቡን፣ የሚያስተዳድራቸውን ሰዎች በቅጽ ሞልቶ በመሐላ ያቀርባል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1948፣ አንዲት ባል የሞተባቸው ሴት በትርፍ ሰዓት ክፍያ ጉዳይ ባቀረቡት አቤቱታ ላይ፣ የዚህ ሕግ ተጠቃሚ ለመሆን ሰው የመጨረሻ ሳንቲሙን አራግፎ የመንግሥት ጥገኛ እስኪሆን መጠበቅ እንደሌለበት ወስኗል። ራሱንና ቤተሰቡን እየመገበ ክፍያውን መሸፈን አለመቻሉ ይበቃል።

እንግዲህ መዝገቡ የሚዘጋው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ፣ ከሳሹ ክሱን አስገብቶ ገንዘቡንም ሳይከፍል፣ የነጻ ማመልከቻውንም ሳያቀርብ ሲቀር ነው። ሁለተኛው፣ ማመልከቻውን ዳኛው አይተው “ገቢህ ይበቃል፤ ክፈል” ካሉ በኋላ ሳይከፍል ሲቀር። በሁለቱም ጊዜ ፍርድ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በማስጠንቀቂያ ነው። ይህን ያህል ቀን ሰጥተንሃል፤ ወይ ክፈል፣ ወይ ቅጹን ሙላ፣ አለዚያ መዝገቡ ይዘጋል ይላል ትዕዛዙ። ቀኑ ሲያልፍ ሁለተኛው ትዕዛዝ ይመጣል። ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ነው። ስለ ክሱ ፍሬ ነገር የሚለው የለም፤ ቀኖቹን ይቆጥራል፣ ከሳሹ ትዕዛዝ አላከበረም ይላል፣ ክሱን ይሰርዛል።

ትዕዛዙ መጨረሻ ላይ አንድ የሚያጽናና ሐረግ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም፦ እንደ ገና የመክሰስ መብቱ የተጠበቀ ነው። ለሕግ ባለሙያ ይህ ቀላል ቅጣት ነው። ለከሳሹ ግን ሁሉም ነገር የሚወሰነው በቀን መቁጠሪያ ነው። የይርጋ ዘመን የሚባል አለ፤ ሕጉ ለክሱ የሰጠው የጊዜ ገደብ። ሁለት ዓመት ብቻ የተፈቀደለት የአካል ጉዳት ክስ በሃያ ሦስተኛው ወር ገብቶ በሃያ አምስተኛው ወር ቢዘጋ፣ የተጠበቀው መብት ወረቀት ላይ ብቻ ነው። የተሰረዘ ክስ እንዳልቀረበ ስለሚቆጠር፣ እንደ አጠቃላይ ደንብ ይርጋው አልተቋረጠም። ሰውየው 405 ዶላር ይዞ ሲመለስ ተከሳሹ አንድ መስመር መቃወሚያ ይዞ ይጠብቀዋል፦ ጊዜው አልፏል።

የገንዘቡ ማነስም ዋስትና አይሆንም። በ1955 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየው አንድ ጉዳይ በ5 ዶላር ምክንያት የመጣ ነበር። የይግባኝ ማስታወቂያው በጊዜው መዝገብ ቤት ደርሷል፤ 5 ዶላሩ ግን የመጣው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይግባኙን ሰረዘው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሽሮ መለሰው፤ ማስታወቂያው በጊዜው ከደረሰ የክፍያው መዘግየት አያበላሸውም አለ። 5 ዶላር የዘጋውን ለማስከፈት የአገሪቱ የመጨረሻ ችሎት ድረስ መሄድ አስፈልጎ ነበር።

ፍቺ፣ ዕዳና የሽማግሌው ድጎማ

በኮነቲከት ግዛት በመንግሥት ድጎማ የሚኖሩ ሴቶች ትዳራቸውን በሕግ ማፍረስ ፈለጉ። ከነሱም አንዷ ወይዘሮ ግላዲስ ቦዲ ነበሩ። ክሱን ለመክፈት 45 ዶላር፣ መጥሪያውን ለማድረስ በአብዛኛው 15 ዶላር፣ በድምሩ 60 ዶላር ገደማ ይጠየቅ ነበር። ድጎማው የሚበቃው ለምግብና ለቤት ኪራይ ነው። የመዝገብ ቤቱ ሹም ክፍያው ካልተፈጸመ አልቀበልም ብሎ ወረቀቶቹን መለሰ።

ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ማርች 2 ቀን 1971 ተወሰነ። ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን የጻፉት ምክንያት ቀላልና ጠንካራ ነው። ሁለት ሰዎች ተስማምተው ውል ማፍረስ ይችላሉ፤ ትዳርን ግን ከመንግሥት በቀር የሚያፈርስ የለም። መንግሥት ብቸኛውን ቁልፍ በእጁ ይዞ፣ ገንዘብ የሌለውን ሰው በሩ ላይ ሊያቆመው አይችልም። ስምንት ዳኞች ተስማሙ፤ የተቃወሙት ዳኛ ብላክ ብቻ ነበሩ።

ብዙዎች በሩ ለሁሉም የተከፈተ መሰላቸው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 1973፣ ሮበርት ክራስ የሚባሉ የኒውዮርክ ሰው ጉዳይ ተወሰነ። ክራስ ከ1969 ጀምሮ ሥራ የላቸውም። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና እናታቸው በሁለት ክፍል ተኩል ቤት ከእርሳቸው ጋር ይኖራሉ። ትንሹ ልጃቸው ሳንባን በሚያጠቃ በዘር በሚወረስ ሕመም ሐኪም ቤት ይታከማል። ያለባቸው ዕዳ ከ6,400 ዶላር በላይ ነው። በኪሳራ ሕግ ከዕዳቸው ነጻ ለመውጣት ሲሉ ደግሞ 50 ዶላር ክፍያ ተጠየቁ። ለኪሳራ መክሰሪያ የሚሆን ገንዘብ አጡ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ፈረደባቸው። ዳኛ ሃሪ ብላክመን ኪሳራ እንደ ትዳር መሠረታዊ መብት አይደለም፤ ባለ ዕዳ ከአበዳሪዎቹ ጋር ተደራድሮ መፍትሔ ሊያገኝ ይችላል አሉ። ከዚያም ሒሳብ ሠሩ። ክፍያው በዘጠኝ ወር ቢከፋፈል በሳምንት 1.28 ዶላር ይሆናል፤ ይህም ከአንድ ሲኒማ መግቢያ ያነሰ፣ ከአንድ ሁለት ፓኮ ሲጋራ ትንሽ የበለጠ ነው ብለው ጻፉ።

ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ይህን ሒሳብ ዝም ብለው አላለፉትም። ማርሻል የጥቁር አሜሪካውያንን የመብት ክርክር እየዞሩ የመሩ ጠበቃ ነበሩ፤ ድሃ ሰው ሳምንቱን እንዴት እንደሚገፋ ያውቃሉ። በተለየ ሐሳባቸው፣ እነዚህ ሰዎች ሲኒማ የሚገቡ እንዳልሆኑ፣ አንድ ፓኮ ሲጋራም ለነሱ ከስንት አንዴ የሚገኝ ቅንጦት እንደሆነ ጻፉ። ስለ ሕግ ትርጉም ዳኞች ቢለያዩ ያለ ነገር ነው፤ ስለ ድሆች ኑሮ መሠረት በሌለው ግምት ላይ ቆሞ መፍረድ ግን አሳፋሪ ነው ሲሉ በግልጽ ተቆጡ።

በማርች 1973 ሦስተኛው መጣ። በኦሪገን ግዛት አንድ የእርጅና ድጎማ ተቀባይ ድጎማቸው ተቀነሰባቸው። ውሳኔውን በይግባኝ ለማስመርመር 25 ዶላር ያስፈልጋል። 25 ዶላሩ የሚወጣው ከዚያው ከተቀነሰው ድጎማ ነው። ፍርድ ቤቱ አሁንም 5 ለ 4 ተከፍሎ ክፍያውን አጸና።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ዲሴምበር 16 ቀን 1996፣ የሚሲሲፒ አንዲት እናት ጉዳይ ተወሰነ። ፍርድ ቤት በልጆቿ ላይ ያላትን የወላጅነት መብት ሰርዞባታል። ይግባኝ ስትል 100 ዶላሩን ከፈለች። የችሎቱ ቃለ ጉባኤ ተገልብጦ የሚዘጋጅበት ግን 2,352.36 ዶላር ሆነ። የላትም፤ በነጻ እንድትከራከርም አልተፈቀደላትም። ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ ለአምስት ዳኞች አብላጫ በጻፉት ፍርድ፣ ግዛቱ እናትን ከልጆቿ ለዘለዓለም የሚለይ ውሳኔ ሰጥቶ፣ ገንዘብ የለሽም ብሎ ይግባኟን ሊያስቀር አይችልም ተባለ።

አራቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ድንበሩ የት እንደ ተሰመረ ያያል። ትዳርና ልጅ ሲሆን በሩ ይከፈታል። ዕዳና እንጀራ ሲሆን ምክር ቤት ወይም የፍርድ ቤት ደንብ ካልፈቀደ በቀር ዝግ ነው። የኪሳራው በር የተከፈተው በ2005 ነው፤ ያን ዓመት ምክር ቤቱ ባወጣው ሕግ ገቢያቸው ከድህነት ወለል 150 በመቶ በታች የሆነ አመልካቾችን ዳኛ ከክፍያ ነጻ እንዲያደርግ ተፈቀደ። ከክራስ ፍርድ እስከዚያ 32 ዓመት አልፏል።

የእስረኛው ሒሳብ

በጃንዋሪ 1962 ከፍሎሪዳ እስር ቤት በእርሳስ የተጻፈ ማመልከቻ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጸሐፊው ክላረንስ ኧርል ጌዲዮን ናቸው፤ ተከራካሪ ጠበቃ ጠይቀው ተከልክለዋል፤ ብቻቸውን ተከራክረው ታስረዋል። መጀመሪያ የላኩት ወረቀት የድህነት መሐላው ስለጎደለው ከመዝገብ ቤት ተመልሶላቸው ነበር። መዝገብ ቤቱ ግን ወርውሮ አልተወውም፤ ደንቡንና የመሐላውን ናሙና አብሮ ላከላቸው። ሞልተው መለሱት። በማርች 1963 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ በከባድ ወንጀል የተከሰሰና ጠበቃ ማቆም የማይችል ሰው መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምለት ይገባል አሉ። ጉዳዩ የወንጀል ቢሆንም የገባበት በር ያው የድሆች በር ነው። ጌዲዮንን የታደጋቸው አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የጎደለውን ከመመለስ አልፎ እንዴት እንደሚሟላ ማሳየቱ ነው።

ያ በር ከ1996 ወዲህ ለእስረኞች ጠብቧል። ያን ዓመት በኤፕሪል ወር የወጣው ሕግ እስረኛ የፍትሐ ብሔር ክስ ሲያቀርብ ድሃ ቢሆንም ክፍያውን ከነጭራሹ አይምርለትም። መጀመሪያ ከእስር ቤት ሒሳቡ አማካይ የወር ገቢ ወይም ቀሪ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው፣ 20 በመቶ ይወሰዳል። ከዚያም ሒሳቡ ከ10 ዶላር ባለፈ ቁጥር ካለፈው ወር ገቢው 20 በመቶ እየተቆረጠ 350ው ዶላር እስኪያልቅ ይሄዳል። በሒሳቡ ምንም የሌለው እስረኛ በዚህ ምክንያት ብቻ ከመክሰስ አይከለከልም፤ ዕዳው ግን አይለቀውም። በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሁሉም ክሶች ክፍያ በአንድ ጊዜ እንደሚቆረጥ በአንድ ድምፅ ወሰነ። አምስት ክስ ካለው እስረኛ አምስት ጊዜ 20 በመቶ፣ ማለትም የወር ገቢው ሁሉ ይሄዳል።

ይኸው ሕግ ሌላ ቁልፍ ጨመረ። ሦስት ክሶቹ መሠረት የለሽ፣ ተንኮል ያለባቸው ወይም የክስ ምክንያት የሌላቸው ተብለው የተሰረዙበት እስረኛ፣ አካሉ ለከባድ ጉዳት በቅርቡ የሚጋለጥ ካልሆነ በቀር፣ ከዚያ ወዲያ ሙሉውን በቅድሚያ መክፈል አለበት። ካልከፈለ መዝገቡ ይዘጋል። በ2020 የተሰጠ ውሳኔ ደግሞ የክስ ምክንያት የለውም ተብሎ የተሰረዘ ክስ፣ እንደ ገና የመክሰስ መብቱ ተጠብቆ ቢሆንም እንኳ፣ ከሦስቱ አንዱ ሆኖ እንደሚቆጠር አረጋገጠ። ጠበቃ የሌለው፣ በቅጽ አሞላል የሚሳሳት ሰው ሦስቱን ለመሙላት ሩቅ መንገድ አይሄድም።

ክፍያው የቆመበት ምክንያት

ክፍያ ይኑር የሚሉ ሰዎች ምክንያት የላቸውም ማለት ሐሰት ይሆናል። ፍርድ ቤት ሕንፃ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ጥበቃ ያስፈልገዋል። ጎረቤቱን ለማሰልቸት ብቻ የሚከስ ሰውም አለ። በ1989 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ሰው ከ1971 ጀምሮ 73 ማመልከቻ በነጻ እንዳቀረበ ቆጥሮ፣ ልዩ ትዕዛዝ ለሚጠይቁ አቤቱታዎቹ ከዚያ ወዲያ የነጻ መብት ነፈገው። ፍርድ ቤቱ ጊዜው ውሱን ነው፤ አንዱ በከንቱ ሲወስደው ሌላው ይጎዳል የሚለው ክርክር እውነትነት አለው።

ችግሩ ያለው መለያው ላይ ነው። ክፍያ ከንቱውን ክስ ከቁም ነገሩ አይለይም። የሚለየው ያለውን ከሌለው ነው። ሀብታም ነገረኛ 405 ዶላሩን ጥሎ ይገባል፤ የወይዘሮ ዶናሂው ዓይነቷ እውነተኛ ባለ ጉዳይ በር ላይ ትቀራለች። ከንቱውን ክስ የሚለይ ሥራ ዳኛ አንብቦ የሚሠራው ነው፤ ገንዘብ ተቀባይ መስኮት ላይ የሚያልቅ አይደለም።

በኢትዮጵያ የዳኝነት ክፍያው ለረጅም ዘመን የቆመው በ1945 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 177 ላይ ነበር። እዚህ ክፍያው እንደ አሜሪካው ወጥ አይደለም፤ የክርክሩ ዋጋ ሲጨምር አብሮ ይጨምራል። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ብዙ የሚጠይቅ ብዙ ይክፈል። ነገር ግን የምትኖርበት ቤት የሚያከራክራትን አንዲት ባል የሞተባት ሴት ማሰብ ይበቃል። የቤቱ ግምት ከፍ ሲል የሚከፈለው ዳኝነትም ከፍ ይላል። ቤቱ ውድ ነው ማለት ግን በእጇ ብር አለ ማለት አይደለም፤ ልትሸጠውም አትችልም፤ ክርክር ላይ ነዋ።

ለዚህ ነው የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በድሃ ደንብ ስለሚቀርብ ክስ ራሱን የቻለ ክፍል የያዘው። ክፍያውን በሙሉም ሆነ በከፊል ለመሸፈን አቅም የሌለው ሰው ይህንኑ አስረድቶ ፈቃድ ይጠይቃል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37ም ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ድንጋጌዎቹ አሉ። ለባለ ጉዳዩ የሚጠቅሙት ግን ሲያውቃቸው ነው። መስኮቱ ጋ ደርሶ የገንዘቡን መጠን ሲሰማ ወረቀቱን አጥፎ የሚመለስ ሰው በድሃ ደንብ መክሰስ እንደሚቻል ካልሰማ፣ አንቀጽ 467 ለእርሱ እንዳልተጻፈ ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች የነጻ አገልግሎት ማዕከላት ማመልከቻ ከመጻፍ ባልተናነሰ የሚጠቅሙት ይህን በመናገር ነው።

የለንደኑ ፈተና

አንድ ክፍያ ስንት ሰው በር ላይ እንደሚያስቀር መለካት አስቸጋሪ ነው፤ ያልመጣ ሰው አይቆጠርም። እንግሊዝ ግን ሳታስበው ለካችው።

ሠራተኛ አሠሪውን የሚከስባቸው የሥራ ክርክር ችሎቶች ከተቋቋሙ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ነጻ ነበሩ። በጁላይ 2013 መንግሥት ክፍያ ጣለ። ለቀላሉ ዓይነት ክስ፣ ለምሳሌ ላልተከፈለ ደመወዝ፣ መክፈቻውና የመሰማቱ ክፍያ በድምሩ 390 ፓውንድ ሆነ። ለአድልዎና ከሕግ ውጪ ለሆነ ስንብት 1,200 ፓውንድ። ዓላማው ወጪውን ከግብር ከፋዩ ወደ ተጠቃሚው ማዞር፣ ደካማ ክሶችን መቀነስና ዕርቅን ማበረታታት ነው ተባለ። ለድሆች የክፍያ ቅናሽ ሥርዓትም ነበረው።

የክሱ ብዛት ወደቀ። ወርዶም አልተመለሰ፤ ቅናሹ ከ66 እስከ 70 በመቶ ሆኖ ጸና። ክፍያው ከንቱውን ብቻ አጣርቶ ቢሆን ኖሮ ከቀሩት ክሶች መካከል የሚያሸንፉት ድርሻ በጨመረ ነበር፤ ያም አልታየም። የሁለት መቶ ወይም የሦስት መቶ ፓውንድ ደመወዝ የተቀማ ሠራተኛ 390 ፓውንድ ከፍሎ አይከስም። ቢረታም ይከስራል።

ዩኒሰን የተባለው የሕዝብ አገልግሎት ሠራተኞች ማኅበር መንግሥትን ከሰሰ። በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተረታ፤ በይግባኝም ተረታ። ጁላይ 26 ቀን 2017 ግን የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰባት ዳኞች በአንድ ድምፅ የክፍያ ትዕዛዙ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሕገ ወጥ ነበር አሉ። ሎርድ ሪድ በጻፉት ፍርድ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ክፍያውን ለመሸፈን ከምግብና ከልብስ ወጪያቸው ምን ያህል መቀነስ እንዳለባቸው በቁጥር አሰሉ። ክፍያ አቅምን ያገናዘበ ነው የሚባለው በሐሳብ ሲቻል ሳይሆን በእውነተኛ ኑሮ ሲቻል ነው አሉ። ከ44 ዓመት በፊት ዳኛ ማርሻል በተለየ ሐሳብ ብቻቸውን የጻፉት ቁጣ አሁን የአንድ ሙሉ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሆኖ ወጣ።

ሎርድ ሪድ አንድ ነገር ጨመሩ። ፍርድ ቤት የሚጠቅመው የሚከራከሩትን ሁለት ወገኖች ብቻ ነው የሚለውን የመንግሥት ሐሳብ ውድቅ ሲያደርጉ ምሳሌ የጠሩት የፔይዝሊዋን ሴት ነው። የወይዘሮ ዶናሂው ድል ከእርሳቸውና ከስቲቨንሰን አልፎ፣ የሚሸጥ ዕቃ አምራቾች ሁሉ ለሚጠቀሙበት ሰዎች ጤና የጥንቃቄ ግዴታ እንዳለባቸው አጸና ብለው ጻፉ። ፍርዱ ስለ ክፍያ ነው፤ ምሳሌ የሆኑትም ከመክፈል ነጻ ሆነው የተከራከሩ ሴት ናቸው።

መንግሥት በዚያው ቀን ክፍያ መቀበል አቆመ፤ የከፈሉትም ገንዘባቸው የሚመለስበት መንገድ ተዘጋጀ። ግን ሳይከፍሉ የቀሩስ? ከ2013 እስከ 2017 ክሳቸውን አስገብተው፣ ገንዘቡ አልተከፈለም ተብሎ ሳይሰሙ የተዘጋባቸው ሠራተኞች ነበሩ። የችሎቶቹ አስተዳደር እነዚያን መዝገቦች ከመደርደሪያ ማውጣት ጀመረ። ክስህ ባልተከፈለ ገንዘብ ምክንያት ተሰርዞ ነበር፤ እንዲቀጥል ትፈልጋለህ ወይ የሚል ደብዳቤ ለባለ ጉዳዮቹ ተላከ። የፈለገ ሰው ክሱን ካቆመበት ቀጥሎ ያልተከፈለ ደመወዙን፣ ያለ አግባብ መባረሩን ወይም የደረሰበትን አድልዎ ለዳኛ እንዲያስረዳ ቀነ ቀጠሮ የሚያዝለት ሆነ።